ገደልና አደራ

ብዙ ሰዎች ግብረ ገብ የሚፈለገው በታላላቅ ጊዜያት ብቻ ይመስላቸዋል። ጦርነት ሲነሣ፣ ዳኛ ፊት ሲቆሙ፣ ባልንጀራ ሲከዳ የሰው ጠባይ ይገለጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይገለጣል። ነገር ግን ጠባዩ በዚያን ቀን የተሠራ አይደለም። ማንም በማያየው ጊዜ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለመንገድ ሲሰናዳ፣ ምን አስቦ ምን እንደ ዘለለ ያየ ሰው፣ ያ መንገደኛ በጭንቅ ቀን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ወጣቱ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላጫውትህ የፈለግኩት ስለ አንድ ገና ስላልተፈጸመ መንገድ ነው። የተፈጸመውን መተረክ ቀላል ነው፤ ያልተፈጸመው ግን ገና ጥያቄ አለበት።

እኛ ሦስት ሰዎች ነን፤ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ እንኖራለን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ከወጣትነቱ ጀምሮ ዐለት ሲወጣ የኖረ ጀርመናዊ አናጢ ጓደኛዬ ነው፤ ሦስተኛው ለትምህርት መጥቶ በእኔ ቤት የሚኖር የታላቅ እኅቴ ልጅ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው። በመጪው መጋቢት አጋማሽ፣ በአውሮፓ ጸደይ ሲጠባ፣ ወደ ግሪክ አገር ተጕዘን ካሊምኖስ በምትባል ደሴት ላይ ለዐሥር ቀን ዐለት ልንወጣ አስበናል።

ዐለት መውጣት የሚባለውን ጨዋታ የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናልና አኳኋኑን ላስረዳ። የሚወጣው ሰው ቀጥ ብሎ የቆመውን ገደል የሚወጣው በእጁና በእግሩ ብቻ ነው። ገመድ አለው፤ ነገር ግን ገመዱ ሲወድቅ ይይዘዋል እንጂ ወደ ላይ አይጐትተውም። ገመዱን በወገቡ መታጠቂያ ላይ ይቋጥርና፣ በዐለቱ ላይ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በየጥቂቱ ሜትር በተተከሉት የብረት ችንካሮች ላይ ማያያዣ እየሰካ ገመዱን በውስጡ እያሳለፈ ይወጣል። ከታች የቆመው ባልንጀራው የገመዱን ሌላ ወገን ይዞ፣ ሲወጣ እየለቀቀ፣ ሲወድቅ እየቈለፈ ይጠብቀዋል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የላይኛው ሰው ነፍስ በታችኛው ሰው እጅ ውስጥ ናት።

ይህ ነገር በአገራችን ሽማግሌዎች ፊት ቢነገር የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ምን ቸግሮህ?» ይላሉ። ዘመናዊ ነን የሚሉ ወጣቶች በዚህ ጥያቄ ሲሥቁ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የሚያሥቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ሽማግሌዎቹ ገደል ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ደብረ ዳሞን የሚሳለም ሰው ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ከላይ የቆመው መነኵሴ ደግሞ በተሳላሚው ወገብ ላይ የታሰረውን ሁለተኛ ጠፍር እየሳበ ይደግፈዋል። ስለዚህ ገመድ ያዥና ገመድ ታሳሪ በእኛ አገር የኖረ ነገር ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የደብረ ዳሞው ተሳላሚ «ምን ቸግሮህ?» ቢባል መልስ አለው። ከላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኔ በወጣሁት ዐለት ጫፍ ላይ ግን ያለው ገመድ ማሳለፊያ ሁለት የብረት ቀለበት ብቻ ነው፤ እዚያ ደርሼ እነካውና ተመልሼ እወርዳለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ጥቅም የሌለው ነገር ሁሉ ኀጢአት ነው ብሎ ሊፈርድ ይሞክራል። ይህ አይመስለኝም። እንዲህ የሚገሥጹን አባቶች በጕልማስነታቸው ጉግስ ተጫውተዋል፤ በገና ጨዋታ ቅልጥማቸውን ተሰብረዋል፤ ምን ቸግሯቸው እንደ ነበረ ግን አልጠየቅናቸውም። ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርምና ዘፈንም፣ ፈረስም፣ ተራራም ያሻዋል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሳይቸግረው ወደ አደጋ የሚሄድ ሰው፣ ቸግሮት ከሚሄደው ሰው ይልቅ የሚከብድ ዕዳ አለበትን ወይስ የለበትም?

የምንሄድባት ደሴት ራስዋ ስለዚህ ጥያቄ ብዙ የምታስተምር ናት። ካሊምኖስ በግሪክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ለቱርክ ጠረፍ ቅርብ የሆነች፣ የኖራ ድንጋይ ደሴት ናት። አፈሯ ጥቂት ነው፤ እርሻዋም የሚያጠግብ አልነበረም። ስለዚህ ወንዶችዋ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር በታች ስፖንጅ እየለቀሙ ኖሩ። በጥንት ዘመን ጠላቂው ጠፍጣፋ ድንጋይ ታቅፎ እርቃኑን ይሰጥም ነበር፤ ትንፋሹ እስከ በቃው ድረስ ለቅሞ በገመድ ይሳባል። እነሆ እዚህም ገመድና ገመድ ያዥ አለ! እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1860ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አዲስ መሣሪያ ወደ ደሴቶቹ መጣ፤ የናስ የራስ ቍርና ውሃ የማያስገባ ልብስ ሲሆን፣ በመርከቡ ላይ የሚነፋው አየር በቱቦ ወደ ጠላቂው ይወርድለታል። አሁን ሰው በትንፋሹ መጠን መወሰኑ ቀረና ጠልቆ ብዙ ጊዜ መቈየት ቻለ። ስፖንጁ በዛ፤ ነጋዴው ከበረ። ጠላቂዎቹ ግን ወደ ላይ ሲወጡ ይወድቁ ጀመር፤ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ከወገቡ በታች ይሽመደመዳል።

ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ሰው በጥልቅ ውሃ ግፊት ውስጥ አየር ሲስብ ናይትሮጅን የሚባለው የአየር ክፍል በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ፈጥኖ ከወጣ ያ የተሟሟው በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሥሩን ይዘጋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር ይህን በ1878 ዓ.ም. ገልጦ ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ሆልዴን ደግሞ ጠላቂ ከየጥልቀቱ በምን ያህል ጊዜ፣ የት የት እየቆመ መውጣት እንዳለበት የሚያሳይ ሰንጠረዥ በ1908 ዓ.ም. አወጣ። በሁለቱ መካከል ሠላሳ ዓመት አለ። ሰንጠረዡ ከወጣ በኋላም ቢሆን መርከበኞቹ ሁሉ ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ቀስ ብሎ መውጣት ጊዜ ይፈጃል፣ ጊዜም ገንዘብ ነበረ።

የበለጠ ያሳዘነኝን ነገር ልንገርህ። መርከቦቹ ከፋሲካ በኋላ ተነሥተው ወደ ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ይሄዱና በመከር ይመለሱ ነበር። ጠላቂው ከመሄዱ በፊት ለቤተ ሰቡ ማቈያ እንዲሆን ቀብድ ይቀበላል። ቀብዱ ሲበላ ጠላቂው ተይዟል ማለት ነው። ባሕሩ ቢከፋ፣ ሰውነቱ ቢደክም፣ ትናንት ባልንጀራው ሲሞት ቢያይ፣ «ዛሬ አልጠልቅም» ለማለት አይችልም። እግሩን ያሰረው የበላው ገንዘብ ነው። ዛሬም በደሴቲቱ ሚኻኒኮስ የሚባል ጭፈራ አለ፤ መሪው ምርኵዝ ይዞ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ቀድሞው ሊጨፍር እየሞከረ የማይሆንለትን ሽባ ጠላቂ ያሳያል። ሌሎቹ ከጐኑ ቀጥ ብለው ይጨፍራሉ። ሕዝብ ኀዘኑን በጭፈራ ሲያስቀምጥ ከጽሑፍ ይበልጥ ይቈያል።

በ1986 ዓ.ም. የሜዲትራንያንን ባሕር ስፖንጅ በሽታ አጠቃው፤ ሥራውም ከዚያ በኋላ እጅግ መነመነ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ አንድሬያ ዲ ባሪ የሚባል ጣልያናዊ ዐለት ወጪ ለዕረፍት ወደ ደሴቲቱ መጣና ማንም ልብ ያላለውን ገደል አየ፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ችንካር መትከል ጀመረ። ዛሬ ከሦስት ሺሕ በላይ የመውጫ መሥመር አለ። ከየአገሩ የሚመጣው ዐለት ወጪ በማሱሪና በአካባቢው ባሉት መንደሮች ቤት ይከራያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። አባቶቻቸው ለእንጀራ ሲሉ ወደ ጥልቁ በወረዱባት ደሴት፣ ባዕድ ሰው ለደስታው ሲል ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጆቻቸውም በዚህ ይኖራሉ። ከጠላቂዎቹ የልጅ ልጆች አንዱ «ምን ቸግሮህ?» ቢለኝ ዐይኑን ለማየት የምደፍር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ እንደማስበው ከሆነ፣ ችግር ያስገደደው ሰው ቢሳሳት ይቅርታ አለው። ጠላቂው ቢቸኩል ልጆቹ ተርበውበት ነው፤ የሚጠየቀው ከእርሱ ይልቅ ቀብድ ሰጪው ነው። ማንም ያላስገደደው ሰው ግን በማን ያመካኛል? ገመዱ አጥሮ ቢወድቅ፣ ዝናብ መጥቶ ዐለቱ ቢያዳልጥ፣ ያልተማረ ባልንጀራ ይዞ ቢሄድ፣ «ተቸግሬ ነው» የማለት መብት የለውም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ «ምን ቸግሮህ?» ሲሉ «ምንም አልቸገረኝም፤ ስለዚህም እጥፍ አድርጌ መጠንቀቅ አለብኝ» ብሎ መመለስ የሚገባ ይመስለኛል። ነጻነት ከጥንቃቄ ጋር ካልሄደ ጥጋብ ይባላል።

ታዲያ መንግሥት ቢከለክለውስ? ይህም ታስቦ ነበር። በ1882 ዓ.ም. በአልፕስ ተራሮች ላይ ብዙ እንግሊዞች ስለ ሞቱ ንግሥት ቪክቶሪያ ነገሩን እንደማይወዱ ቢናገሩ ይሻል እንደ ሆነ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ግላድስቶንን አስጠየቁ፤ እርሱም አልመከረም፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። በዚያው ዘመን በሌላው የባሕር ዳርቻ የጠላቂዎች ሚስቶች አቤት ስላሉ የቱርክ ሱልጣን ያን የናስ የራስ ቍር ከለከለ፤ ክልከላው ግን አልዘለቀም፤ ረኀብ ከሱልጣን ይበረታልና። እንግዲህ የሀብታሞቹን ጨዋታ ንግሥት ልትከለክል አልተመከረችም፤ የድኾቹን ሥራ ሱልጣን ከልክሎ አልሆነለትም። የማዘዣ ወረቀት ከገደል አፍ ላይ ብዙ ሰው የሚመልስ አይደለም፤ ሰው ራሱን በቤቱ ሳለ ካላዘዘ በቀር።

ይህን ሁሉ ያወራሁት የጕዞውን ዝግጅት እንደ ተራ ነገር እንዳታየው ብዬ ነው። በመጋቢት ደሴቲቱ ገና ከክረምትዋ አልወጣችም። ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ ሱቁና ማደሪያው ብዙው እስከ ሚያዝያ ዝግ ነው። በትልቁ ዋሻ ውስጥ እንደ ጧፍ ተንጠልጥለው ሰው እያቀፈ የሚወጣባቸው የድንጋይ ዐምዶች፣ የክረምቱን ውሃ ውስጥ ለውስጥ ይዘው ስለሚቈዩ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ያንጠባጥባሉ። መንገዱ ደግሞ በአውሮፕላን በአቴና በኩል ወደ ኮስ ደሴት፣ ከዚያም ማስቲኻሪ ከሚባለው ወደብ በትንሽ መርከብ ወደ ካሊምኖስ ነው፤ ባሕሩ የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ነገር ግን ነፋሱ የበረታ እንደ ሆነ መርከቡ አይነሣም። ስለዚህ በዐሥሩ ቀን ውስጥ ምናልባት ሁለቱን በኮስ ወደብ ቡና እየጠጣን፣ ሦስቱን መስኮት ላይ ዝናብ እያየን እናሳልፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቀብዱ የሚመጣው። ትኬት የተገዛበት ገንዘብ፣ ቤት የተከራየንበት ገንዘብ፣ ከሥራ የለመንነው ዕረፍት፣ ይህ ሁሉ ተከፍሎ ሳለ ሰባተኛው ቀን ላይ ዐለቱ ግማሽ እርጥብ ሆኖ ብናገኘው፣ «ይህን ያህል መጥተን!» የሚል ድምፅ በእያንዳንዳችን ልብ ውስጥ ይነሣል። ጠላቂውን ወደ ባሕር የሰደደው ያ ድምፅ ነበር፤ ለእርሱ ግን የልጆቹ ድምፅ ነበረበት፤ ለእኛ የገንዘብ ቦርሳችን ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ስለማውቅ ለሦስታችን ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ትኬት እንግዛ አልኩ፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። አናጢው ጓደኛዬ ጥቂት አጕረመረመ፤ (ስለ ገንዘብ ጀርመኖች እንደ እኛ አያፍሩም፤ ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ይህን ጠባያቸውን እወድላቸዋለሁ) በኋላ ግን እሺ አለ። ከፍለን የገዛነው መመለስን ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ተስማማን። ከሦስታችን ማንም ሰው በየትኛውም ጧት «ዛሬ አልወጣም» ያለ እንደ ሆነ ሌሎቹ ለምን ብለው አይጠይቁትም። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር እጅግ ከባድ ነው። ሰው በገደል ላይ ከሚሞትበት ምክንያት አንዱ ከገደል በታች ማፈሩ ነው። በይሉኝታ ያደግን እኛ ይህን ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን። ጓደኛው እንዳይከፋው ሲል የማይፈልገውን ምግብ የሚበላ ሰው፣ ጓደኛው እንዳይንቀው ሲል የማይችለውን ዐለት አይወጣምን? «ለምን?» የሚለው ቃል በፍቅር ቢነገር እንኳ የሚገፋ እጅ ነው። ስለዚህ ቃሉን በቤታችን ሳለን አወጣነው።

ስለ ገመድ ርዝመት በአጭሩ ልናገር። በካሊምኖስ ብዙዎቹ መሥመሮች ረጃጅም ናቸው፤ ስድሳ ሜትር ገመድ ብዙ ቦታ አይበቃም፤ ሰባ ሜትር ያስፈልጋል፤ ሰማንያ ቢሆን ይሻላል። ሠላሳ አምስት ሜትር ወጥቶ የሚወርድ ሰው ሰባ ሜትር ገመድ ይፈጅበታልና። በዚህ ጨዋታ ከሚደጋገሙት አደጋዎች አንዱ ይህ ነው፤ ገመድ ያዡ ባልንጀራውን ሲያወርድ የገመዱ ጫፍ ሳያስበው በእጁ ውስጥ ሾልኮ ያልቃል፤ የላይኛውም ይወድቃል። ከዚህ አደጋ የሚያድነው በገመዱ ጫፍ ላይ የምትቋጠር አንዲት ቋጠሮ ናት። አንድ ሳንቲም አታስወጣም፤ ዐሥር ሰከንድ አትፈጅም። ይህችን ቋጠሮ ሳይቋጥሩ የወደቁት ሰዎች የማያውቁ አልነበሩም፤ «ይደርሳል» ያሉ ነበሩ።

የዐለት ወጪዎች ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሌላ ቃል አለ፤ «ይበቃዋል» የሚል ነው። ሐምሌ 14 ቀን 1865 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ከዚያ በፊት ማንም ያልወጣውን የማተርሆርንን ተራራ ወጡ። መሪያቸው የሃያ አምስት ዓመቱ እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ዊምፐር ነበር። ከእነርሱም ውስጥ ሃዶ የሚባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረ። ዊምፐር ከመነሣታቸው በፊት ይህ ልጅ ይህን ተራራ ይችላልን ብሎ ይዞት የመጣውን ሃድሰንን ጠየቀው፤ ሃድሰንም በሌላ ተራራ ያደረገውን አይቶ ስለ ነበር እንደሚበቃ መሰከረለት። ወጡ፤ ደስ አላቸው። ሲወርዱ ሃዶ አዳለጠውና ከፊቱ የነበረውን መሪ ክሮን መታው፤ የሁለቱ ክብደት ሃድሰንንና ሎርድ ዳግላስን ጐተተ፤ ከዳግላስ በላይ የነበረው ገመድ ተበጠሰ። አራቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ቀሩ። የተበጠሰውም ገመድ ይዘዋቸው ከሄዱት ገመዶች ደካማው ነበር። ስለ ገመዱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ክርክርም ተደርጓል። እኔ ግን ገመዱ ከመበጠሱ በፊት በሸለቆው ውስጥ በጥሩ ልብ የተነገረውን ምስክርነት አስባለሁ። ሃዶ ራሱ ለመሄድ ፈቅዶ ነበር ይባላል፤ አዎን ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን የፈቀደውን ነገር ምን እንደ ሆነ አላወቀውም። የማያውቅ ሰው ፈቃድ ግማሽ ፈቃድ ነው፤ ሌላው ግማሽ በሚያውቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

የእኅቴን ልጅ ነገር አሁን ሳትጠረጥረው አልቀረህም። እርሱም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው መስከረም በከተማው ውስጥ ባለው የመውጫ አዳራሽ መማር ጀመረ፤ ከእኔ ይበልጥ ቀልጣፋ ነው፤ እንደ ጦጣ ይወጣል። ነገር ግን በደጅ፣ በእውነተኛ ዐለት ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ጓደኛው ድምፁን ሳይሰማው፣ ወጥቶ አያውቅም። «ጋሼ፣ እኔም እሄዳለሁ» ሲለኝ አናጢው በጀርመንኛ ጠየቀኝ፤ ጥያቄውም ያው የጥንቱ ነበር፤ «ይበቃዋል?»

አዎን ለማለት ቸገረኝ። ይህ ልጅ ለእኔ አደራ ነው። እናቱ ከደሴ ስትልከው ሻንጣውን ሳይሆን ልጁን ነው የሰጠችኝ። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን በሣጥን ቈልፎ ቢያስቀምጠው ማንም አይወቅሰውም፤ ሰው ግን በሣጥን አይቈለፍም። ከልክዬው ብሄድ ሌላ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋራ፣ ምናልባት «ይበቃሃል» ከሚል ቸኵል ጓደኛ ጋራ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይዤው ብሄድ ደግሞ አንድ ነገር ቢደርስ ለእኅቴ የምናገረው ቃል በአማርኛም በጀርመንኛም የለም። ሳልነግራት ወስጄው በደኅና ብመልሰውስ? ይህን አንዳንድ ሰው ዘዴ ይለዋል፤ እኔ ስርቆት እለዋለሁ። በሰው አደራ ላይ አደጋ የሚጨምር ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ቢጨምር፣ ዕቃው ባይጠፋም እንኳ ሰርቋል።

ስለዚህ ደወልኩላት። ነገሩን እንዳለ ነገርኳት፤ አላሳነስኩትም።

«ልጄን አደራ ያልኩህ እንድትጠብቅልኝ ነው ወይስ ገደል እንድትሰድልኝ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ብቻውን አይደለም የሚሄደው። ገመድ አለው።»

«ገመዱን የሚይዝለት ማን ነው?»

«እኔ።»

ጥቂት ዝም አለችና፣ «አንተንስ የሚይዝህ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከእርሷ አፍ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ሦስት ሰዎች በአንድ ገመድ ሲጫወቱ ሁሉም በተራ ይወጣል፣ ሁሉም በተራ ይይዛል። እኔን አንዳንድ ጊዜ አናጢው ይይዘኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ልጁ ሊይዘኝ ነው። እኅቴ የጠየቀችው ስለ ልጅዋ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ወንድምዋም ነበር፤ ከዚያም አልፎ፣ ልጅዋ አጐቱን በእጁ ይዞ ሳለ ቢያመልጠው ምን ሆኖ እንደሚኖር ነበር የጠየቀችው። ገመድ ያዥ በጥንቃቄ ጕድለት ባልንጀራውን የጣለ እንደ ሆነ ሁለት ሰው ነው የሚወድቀው፤ አንዱ ፈጥኖ፣ ሁለተኛው ዕድሜውን ሙሉ።

ከዚህ በኋላ ቀላሉን መንገድ አሰብኩ። ልጁ ይውጣ፤ እኛ እንይዘዋለን፤ እርሱ ግን ማንንም አይያዝ። ይህንም ነገርኩት። በአክብሮት ሰማኝና እንዲህ አለ፤ «ጋሼ፣ እኔ ነፍሴን ለእርስዎ እሰጣለሁ፤ እርስዎ ግን ለእኔ አይሰጡኝም። እንዲህ ከሆነ ጓደኛ መሆኔ ቀርቶ ዕቃ ሆኜ ልሄድ ነው።» መልስ አጣሁለት። እውነቱን ነው። ልጅን ከአደጋ ሁሉ ጠብቆ የሚያሳድግ ሰው ልጁን ከአደራም ጠብቆ ያሳድገዋል፤ አደራ ሳይሸከም የኖረ ሰው ደግሞ አደራ የሚበላ ይሆናል። ሰው የሚታመነው ታማኝ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ታማኝ የሚሆነው ስለ ታመነ ነው። ነገር ግን ይህን ደስ የሚል ቃል በሠላሳ ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ መሞከር ሞኝነት ነው። መሞከሪያው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ መሆን አለበት።

በዐለት ወጪዎች ዘንድ የታወቀ የማስተማሪያ መንገድ አለ። አዲሱ ሰው ገመዱን ሲይዝ፣ ዐዋቂው ከኋላው ቆሞ ትርፉን ገመድ ላላ አድርጎ በእጁ ይይዛል። ተማሪው ቢሳሳት ዐዋቂው ጨብጦ ያድናል፤ ተማሪው በትክክል ከያዘ የዐዋቂው እጅ ምንም አይሠራም። በዚህ ክረምት በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በአዳራሹ ውስጥ ይህን ስናደርግ ቈየን። እኔ እወጣለሁ፤ አንዳንዴ አስጠንቅቄ፣ አንዳንዴ ሳላስጠነቅቅ እጄን እለቅቃለሁ፤ ልጁ ይይዘኛል፤ አናጢው ከኋላ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ዐይኑን ከእኔ ላይ እያነሣ ጐረቤት የሚወጡትን ያይ ነበር። አሁን አያይም። ከመነሣቴ በፊት ቋጠሮዬን በእጁ ነክቶ ይመረምራል፤ እኔም የእርሱን መያዣ እመረምራለሁ፤ የገመዱን ጫፍ መቋጠሩንም ሳልነግረው ይሠራዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አናጢው ዐይን ለዐይን አየኝና ከልጁ ኋላ እጁን ከገመዱ ላይ አነሣ። ልጁ አላወቀም፤ እኔ አወቅሁ። ወጣሁ፤ ከላይኛው ችንካር ጥቂት አለፍኩና ለቀቅኩ።

እኅቴ እስከ ዛሬ ሂዱ አላለችም፤ አትሂዱም አላለችም። በሳምንቱ መጨረሻ በስልክ ስንነጋገር «ባሕሩ እንዴት ነው አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው፤ ነፋሱ የሚታወቀው ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው አልኳት። ከመነሣታችን በፊት ቃልዋን እንድትነግረኝ ጠይቄያታለሁ፤ አይሆንም ካለችም የልጁ ትኬት ለመስከረም ይለወጣል፤ ይህንንም ለልጁ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ገመዱን ግን ገዝተናል፤ ሰማንያ ሜትር ነው። በመኝታ ቤቴ ጥግ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።